የአያ ተራራ መቀመጫ

በቀይ ጥድ ሸለቆ መንደር የጎንግ ጻይዩን ምላስ ያልገረፈው ሰው ቢፈለግ አንድም አይገኝም። ዶሮውን ጎረቤት ጓሮ የሚለቅ፣ ሚስቱን የሚያስለቅስ፣ ችግኝ ሲተክል ሥሩን አጥፎ የሚቀብር፣ ሁሉም በየተራው ቀምሷታል። ታዲያ ይህችው ምላስ አንድ ቀን ዞራ ባለቤቷን ገረፈቻት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ጻይዩን ግን አፏ ያመለጣትን ቀን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ጥድ መትከል የተጀመረበት የመጀመሪያው ጸደይ ነበር።

የደን ጣቢያው ከመንደሩ ሰው ቀጥሮ፣ በድሮ ጊዜ በመጋዝ የተመለጠውን ሸለቆ እንደገና ጥድ ሊያለብሰው ተነሣ። ነገሩ ግልጽ ነው። ጥዱ ሲቆረጥ ፍሬው ጠፋ፤ ፍሬው ሲጠፋ የዱር አሳማውና ሚዳቋው ጠፉ፤ እነሱ ሲጠፉ ባለ መስመሩ ትልቅ ነብርም ድንበር ተሻግሮ ሩሲያ ገባ። እሱን እንዲመለስ መለመን የሚቻለው ከሥሩ ጀምሮ ነው፣ በችግኝ። የመንደሩ ሰው ደግሞ ነብሩን በስሙ አይጠራውም። «አያ ተራራ» ይለዋል። የተራራው ጌታ እሱ ነው፤ ጌታን በስሙ የሚጠራ ባለጌ ነው።

በዚያ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሉዋን ደሃይ የእንፋሎት ዳቦውን እንደያዘ ተነሥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቃት።

«ጻይዩን፣ አንቺም ብቻሽን ነሽ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። አንቺም የምትተኚበት መደብ ሥር እሳት ታነድጃለሽ፣ እኔም አነድዳለሁ። ሁለት መደብ ለማሞቅ የሚነደው እንጨት አያሳዝንሽም? ደን ጠባቂ ነን እኮ አሁን!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጻይዩንም ራሷ ልትስቅ ነበር። ግን ዐይኗ ከሉዋን ጀርባ ያለው ጉቶ ላይ ዐረፈና ሳቁን ተወችው።

ጉቶው የአባቷ ዛፍ ጉቶ ነው። አባቷ ጂንሰንግ የሚባለውን የመድኃኒት ሥር ቆፋሪ ነበሩ። በየመኸሩ ወደ ተራራው ከመግባታቸው በፊት እዚያ ግዙፍ ጥድ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩና ለአያ ተራራ ይሰግዳሉ። ሉዋን ያን ጊዜ ጎረምሳ ነው፤ በደን ቆረጣው አንደኛ ባለ መጋዝ፣ የጻይዩንም የልብ ወዳጅ። አለቃው «ያቺን ባለ ቀይ ጨርቋን ተዋት፣ የሽማግሌዎች ናት» ብሎት ነበር። ሉዋን ግን ጓደኞቹ «ፈርተህ ነው» ሲሉት ደሙ ፈላና ዛፏን ገንድሶ ጣላት። የጻይዩን አባት መጡ፣ ጉቶውን አዩ፣ «የአያ ተራራን ቤት ላፈረሰ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ተመለሱ፤ በቃ። ጻይዩን አንድ ደግ የትራክተር ሹፌር አገባች፣ ኖረች፣ ቀበረችው። ሉዋንም አገባ፣ የሱም ሚስት ሞተች። ጉቶው ብቻ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ጻይዩን እጇን ወደ ጉቶው ዘርግታ ጮኸች፦

«አያ ተራራ ራሱ መጥቶ እዚህ አንተ የቆረጥከው ጉቶ ላይ ሲቀመጥ፣ ያን ጊዜ ና ጠይቀኝ!»

በእነዚህ ተራሮች ላይ ጉቶ ማለት የአያ ተራራ ወንበር ነው። የፈለገ ቢደክመው፣ የፈለገ ቢዘንብ፣ ጉቶ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። የተቀመጠ እንደሆነ ባለቤቱ መጥቶ ወንበሩን ይጠይቀዋል ይላሉ ሽማግሌዎች፤ አጠያየቁ ደግሞ እንደ ሰው በአፍ አይደለም።

ሉዋን ዳቦውን ጎርሶ፣ አላምጦ፣ ውጦ ሲያበቃ «እሺ» አለ።

ያ «እሺ» ነው ጉድ ያፈላው። ሌላ ወንድ ቢሆን ተሳድቦ ወይ ተቀይሞ ይሄዳል። ሉዋን ግን ስድቡን እንደ ውል ቆጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጉቶው ዙሪያ ያለውን ዳገት ለራሱ ያዘ። ሌላው ተክሎ ሲሄድ እሱ ይቀራል። ችግኞቹ በልጅነታቸው ፀሐይ አይወዱም ብሎ ከበርች ዛፎቹ ጥላ ሥር ቦታ ይመርጥላቸዋል፣ አረሙን በእጁ ይነቅላል፣ የሞተውን በጸደይ ይተካል። ክረምት ሲገባ በረዶውን እየጣሰ አዳኞች የደበቁትን የሽቦ ወጥመድ ሲለቅም ይውላል። ወፍራሟ ሁ፣ የቡድኑ ወሬ አቀባይ፣ በየምሳው «እኛ ለደሞዝ እንተክላለን፣ ሉዋን ለሚስት ይተክላል» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። ሉዋንም ይስቃል። ጻይዩን ብቻ ሥራ እንዳለባት ትሆናለች።

ለምን አልሳቀችም? ልቧ ስለከዳት ነዋ! የከዳትም በአንድ ክምር ጭራሮ ነው። አንድ ክረምት ሳል ይዟት ተኝታ ሳለ ደጇ ላይ እንጨት ተከምሮ አገኘች። ማን እንዳመጣው አልጠፋትም። ቀረብ ብላ ብታይ ሁሉም በነፋስ ወድቆ የተለቀመ ነው፤ አንዲት እንኳ በመጋዝ የተቆረጠች የለችበትም። ያ የመጋዝ ጀግና ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያለ ጭራሮ ሲለቅም ታያትና ደጇ ላይ ቆማ አለቀሰች። በዚያው ወደ ቤቷ ገብታ ሳሏን ቀጠለች።

እሺ እንዳትለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነባት። ሰውን ሁሉ «ቃልህን ጠብቅ!» እያለች የምትገርፍ ሴት የራሷን ቃል ብታጥፍ መንደሩ እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይሳለቅባታል። እናም የጻይዩን ሁለተኛ ትዳር በዐይኗ አይታው በማታውቀው አውሬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥዶቹ ወገብ ድረስ ደረሱ። የዱር አሳማው ተመለሰ፣ ሚዳቋውም። አያ ተራራም በሁለተኛው ሸንተረር ላይ በካሜራ ታየ ተባለ። ወደዚህ ሸለቆ ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም። ጻይዩን ጉልበቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሉዋን ዳገቱን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። የሚጠበቀው ጌታ ብቻ አይቸኩልም።

በዚህ ዓመት ጸደይ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡድኑ ወደ ታችኛው ዳገት ሲወርድ ጻይዩን መኮትኮቻ ረሳሁ ብላ ወደ ኋላ ቀረች። መኮትኮቻው እጇ ላይ ነበር። ጉቶው ጋ ደረሰች፣ ግራ ቀኙን አየች፣ ከቦርሳዋ የአሳማ ሥጋ የተሞላ ዳቦና በትንሽ ሲኒ የማሽላ አረቄ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰገደች። ከዚያ በሆዷ ያለውን ሁሉ፣ ለሰው የማትናገረውን፣ ለአያ ተራራ ዘረገፈችለት። ተራራው ዝም አለ። ጻይዩን ደግሞ ዝም የሚላትን አትወድም።

«አትመልስልኝም?» አለች። «እሺ! መቀመጫህን እወስድብሃለሁ። ና አስነሣኝ!»

ወገቧ ላይ የታሰረውን የሥራ ትራሷን፣ ችግኝ ጣቢያ ያሉ ሴቶች ቁጢጥ ሲሉ እንዳይደክማቸው የሚያስሩትን አበባማ ስፖንጅ፣ ፈታችና ጉቶው ላይ አስተካክላ ቁጭ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጉቶ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ሰማይ አልወደቀም። እንዲያውም ደስ ይላል፤ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ የሉዋን ጥዶችም ከበርቹ ሥር ተሰልፈው አረንጓዴ ብለዋል። ልክ ያን ጊዜ ከኋላዋ ቅርንጫፍ ቀሽ አለ። ጻይዩን ምን እንደሆነ አላጣራችም። በስልሳ ዓመቷ ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወርዳ ከቡድኑ መሀል ገብታ ነው እስትንፋሷ የተመለሰው።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ሁ።

«መኮትኮቻዬን አገኘሁት።»

በማግሥቱ ትራሷ ትዝ አላትና ተደብቃ ወጣች። ትራሱ የለም። ዙሪያውን ብትፈልግ አጣችው። ከጉቶው አቅራቢያ ግን ሉዋን ችግኝ ሲኮተኩት አገኘችው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«አንተ ሽማግሌ! ትራሴን አምጣ!»

«የምን ትራስ?»

«ዐይንህን በጨው አትታጠብ! አበባ ያለበት ትራሴን!»

«እህቴ፣ እኔ ትራስሽን ምን ላደርገው? ቂጤ ለሱ አይበቃም!» አለ ሉዋን፣ እየሳቀ። «ደሞስ የት ነው የጠፋሽ?»

ጻይዩን «ጉቶው ላይ» ልትል አትችልም። ስለዚህ እንደ ልማዷ ስድቡን አበዛችው። ጸደዩን ሙሉ «ትራስ ሌባው» የሉዋን ስም ሆነ። እሱም «ትራስ ሌባው መጣ» እያለ እየተጣራ ለሥራ ይመጣ ጀመር።

የመትከያው ወራት ሲያልቅ ዝናብ ጣለና ሥራ ቆመ። ጣቢያው የተካዮቹን ቡድን በሙሉ ጠራ። ምግብ አለ፣ ከምግቡ በኋላም የካሜራዎቹ ፊልም ይታያል። ካሜራዎቹን በየዛፉ የምታስረው ፒያኦ ሚንጂ የምትባል ወጣት የጣቢያው ሠራተኛ ናት። ፒያኦ ዕቃዋን እያስተካከለች ወደ ጻይዩን በፍርሃት ታያለች።

«አክስቴ፣ እንዳትቆጪኝ» አለች በመጨረሻ። «አጎት ሉዋን ስንት ጊዜ ለመነኝ። አንዷን ካሜራ ጉቶው ፊት ለፊት አስሬያት ነበር። ያኔ ብነግርሽ አታሳስሪኝም ብዬ ነው። እኔም ገና አላየሁትም።»

ጻይዩን የያዘችውን ሾርባ አስቀመጠች። «መቼ ነው ያሰርሽው?»

«ጸደይ ሲገባ።»

ለመነሣት ሞከረች። ወፍራሟ ሁ በግራ፣ ግድግዳው በቀኝ ሆኑባት። ግድግዳውን መግፋት ይቀል ነበር።

መጀመሪያ ሚዳቋ መጣች። ቀጥሎ የዱር አሳማ ከነልጆቹ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ጎንግ ጻይዩን መጣች። ግራ ቀኙን አየች፣ ዳቦ አስቀመጠች፣ ሰገደች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የጻይዩንን ሆድ ያወጣው ግን ዛፍ ላይ የታሰረ ሣጥን ነው። ድምፅም እንደሚቀዳ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አታውቅም ነበር።

«አያ» አለች በፊልሙ ውስጥ ያለችው ጻይዩን፣ ማንም ከሷ ሰምቶት በማያውቅ ለስላሳ ድምፅ። «የጎንግ ልጅ ነኝ። እኔ ተናድጄ ያልኩትን አንተ ለምን ታከርረዋለህ? አንድ ቀን መጥተህ ቁጭ ብትል ምን ይጎድልብሃል? የሱም ጉልበት እያለቀ ነው፣ የእኔም። ክረምቱ ደግሞ ብቻዬን ረዘመብኝ። ያ ሽማግሌ ጥፋቱን በእጁ መልሶ ተክሎታል። እኔ ይቅር ብየዋለሁ። አንተን ነው የምጠብቀው። ቶሎ በል።»

ከዚያ ዛቻው ተሰማ፣ ከዚያ ቂጧን ጉቶው ላይ ስታደላድል ታየች፣ ከዚያ ስትሮጥ። ሁ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ ሳህን ወደቀ። «ዘላለም ‹ጉቶውን እንዳትነኩ› እያልሽ እኛን ስትገርፊን!» «ቅርንጫፏ ነች ያሯሯጠችሽ?» ጻይዩን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በጣቶቿ መሀል ግን አንድ ሰው ብቻ ፈለገች። ሉዋን አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ባዶውን ጉቶና የተረሳውን ትራስ ያያል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ፒያኦ ድንገት። «የዚያኑ ቀን ነው። ጥላው ገና ሳይረዝም።»

ከበርቹ መሀል አያ ተራራ ወጣ።

ያን ያህል ትልቅ ይሆናል ብላ ጻይዩን አስባ አታውቅም። አረማመዱ የባለቤት ነው፤ አይቸኩልም፣ አይሰጋም። ዳቦውን አልፎ ሄደ። ትራሱን አሸተተ። አፍንጫውን ሸበሸበ፣ ምላሱን አወጣ፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ሰቀለ።

«የነጭ ሽንኩርትሽ ሽታ ነው!» አለች ሁ በሹክሹክታ።

አያ ተራራ ትራሱን በአፉ አንሥቶ አራገፈው። ወደ ሉዋን ጥዶች መሀል ይዞት ገባ፣ ሁለቴ ዞረና ትራሱን ከሥሩ አድርጎ ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ ሸለቆውን አየ፣ ጻይዩን ያየችውን ያንኑ ሸለቆ። የወጣት ጥዶቹ ጫፍ ደረቱ ላይ ይደርሳል። ሲበቃው ተነሣ፣ ትራሱን በአፉ ይዞ ሄደ።

«ተቀመጠ!» ሁ ብድግ አለች። «በገዛ ዐይኔ አይቻለሁ፣ ተቀምጧል! ሙሽሪት፣ ተነሺ!»

«የት ተቀመጠ? ጉቶው ላይ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ ነገረኛ።

«ትራሷ ላይ ከተቀመጠ ምን ቀረው!»

«ቃሉ ጉቶ ነው የሚለው!»

ክርክሩ ጦፈ። በመጨረሻ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሉዋንን አየ። ሉዋን ተነሣ። ዐይኑ እርጥብ ነው፣ ፊቱ ግን ፈገግ ብሏል።

«አልተቀመጠም» አለ። «ያለችው ጉቶው ላይ ነው። እኔ በዚያ ጉቶ አንድ ጊዜ ቸኩያለሁ። ሁለተኛ አልቸኩልም። እጠብቃለሁ።»

ቆቡን ደፍቶ ወጣ። ጻይዩን እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። ሰውየው በሰው ሁሉ ፊት፣ ደስታው በእጁ ገብቶ ሳለ፣ የሷን ቃል ለሷ ጠበቀላት። ከጎኗ ያለችውን ወፍራሟን ሁ ገፋች፤ እንዴት እንደገፋቻት እስካሁን ይወራል፣ እንደ በር ነው የተከፈተችው።

«ሉዋን ደሃይ! ቁም!»

ዝናቡ አባርቷል። ሉዋን ጭቃው መሀል ቆመ።

«ተከተለኝ» አለችው፣ በአጠገቡ አልፋ ዳገቱን እየያዘች።

«አክስቴ፣ ብቻችሁን አትሂዱ!» ፒያኦ ርችት በእጇ ይዛ እየሮጠች ተከተለቻቸው፤ አያ ተራራ ቢመጣ በጩኸት ለማባረር ነው። ከሷ ኋላ ቡድኑ በሙሉ ሾርባውን ጥሎ ወጣ፣ ግን ራቅ ብሎ። ይህን ያህል ጨዋነት አላቸው።

ሉዋን በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ዐረፈ፤ ጻይዩንም ጠበቀችው። ጉቶው ጋ ሲደርሱ አልቆመችም፤ ወደ ጥዶቹ መሀል አስገባችውና ወደ መሬት ጠቆመች። ሣሩ አንድ ቦታ ላይ ተኝቷል። በአንዱ ጥድ ቅርንጫፍ ላይ የትራስ ስፖንጅ ቁራጭ ተሰክቶ ቀርቷል።

«የት ነው የተቀመጠው?» አለችው።

«እዚህ።»

«እዚህ ማለት የት?»

«ጥዶቹ መሀል።»

«ማን የተከላቸው ጥዶች?»

ሉዋን ከንፈሩን ነከሰ። ልጅ ሲመሰገን እንደሚያደርገው ወደ መሬት አየ።

«አባቴ በሕይወት ቢኖሩ የሚሉትን እኔ ልንገርህ» አለች ጻይዩን፤ ድምፅዋ ፊልሙ ውስጥ እንደነበረው ለስልሶ ነበር፣ አሁን ግን ሰው እየሰማት እንደሆነ እያወቀች። «ጌታው መጣ፣ ወንበሩ ላይ ሰው አገኘ፣ አልተቆጣም። አዲስ ቤት ተሠርቶለት አየና እዚያ ገባ። አሮጌውን ትቶልናል።»

ተመልሳ ጉቶው ላይ ቁጭ አለች፤ ትራስ አልነበራትም፣ እንጨቱ ከዝናቡ ረጥቧል። ከጎኗ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ተቀመጥ።»

«ጻይዩን፣ እኔ በሕይወቴ ጉቶ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

«መቁረጡን ስታውቅበት መቀመጡ ከበደህ?»

ከታች ከሰዉ መሀል ሁ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ተሰማ። ሉዋን ቆቡን አወለቀ። ወደ ጥዶቹ ዞሮ አንድ ጊዜ ሰገደ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ጠርዙ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው ቁጭ አለ። ጻይዩን እጁን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ጠጋ በል እንጂ» አለችው። «ሰፊ ዛፍ ነበር።»